«ሮዚ» ሙገሳ ነው ሽሙጥ?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ «ሮዚ» የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነበረች። መልሱ ግን 24 ደርሶ፣ መሀል ላይ ጠብ ተነስቶ፣ ሁለት ሰው ተኳርፎ ነው የቆመው። አዲስ የምትገቡ ሰዎች ሁሉንም ከላይ ጀምሮ ማንበብ እንደሚታክታችሁ ስለገባኝ የሆነውን በራሴ አፍ ልንገራችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አዛብተህብኛል የሚል ካለ ዋናው ከላይ አለ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነው። የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ። በቅርቡ ስለ አንድ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት የሚያወራ የግምገማ ጽሑፍ ደረሰኝ። መሀሉ ላይ ሪፖርቱ የድርጅቱን መጪ ጊዜ አስመልክቶ «ፔይንትስ አ ሮዚ ፒክቸር» የሚል ነገር አለ፣ ቃል በቃል ሮዝ ሥዕል ይስላል እንደማለት። ብዙም አላሰብኩበትም። ሪፖርቱ የድርጅቱን ብሩህ ተስፋ ያሳያል ብዬ አለፍኩ። ብሩህ ነዋ! ጽጌረዳ፣ ሮዝ ቀለም፣ ተስፋ። ምን ይጠፋዋል?

አርታኢዬ የድሮ ሰው ናቸው። ሥራውን በወረቀት አትመው፣ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ነው የሚመልሱት። ያቺን መስመር ሁለቴ አስምረውባት ዳር ላይ አንድ ቃል ጽፈዋል፤ ተገልብጧል። በቃ። ምኑ እንደተገለበጠ የለም። ደውዬ እንዳልጠይቅ አፈርኩ። 12 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቶ «ሮዚ» ምን ማለት ነው ብሎ መደወል ይከብዳል። ስለዚህ እዚህ መጥቼ ጠየቅኩ። ቃሉ ሲያመሰግን ነው ሲያሾፍ?

መልስ 1 በጣም ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታው ብቻ አራት መስመር ይሆናል። እርስዎ እያለ ነው የጻፈልኝ። መዝገበ ቃላት ገልጦ ሦስት ፍቺ ደረደረልኝ። አንደኛው ቀለሙ ራሱ ነው፣ እንደ ጽጌረዳ ፈዘዝ ያለ ቀይ። ሁለተኛው ጤነኛ ሰው ጉንጭ ላይ የሚታየው ቅላት። ሦስተኛው ተስፋ የሚሰጥ፣ መልካም የሚመስል ነገር። እንግዲህ የእኔ ትርጉም ከሦስተኛው ጋር ልክክ ብሏል፣ አርታኢዬ ትንሽ አክርረዋል ብሎ ፈረደልኝ። ወደድኩት። እውነቱን ለመናገር ያኔውኑ ክሩን ዘግቼ መተኛት ነበረብኝ።

መልስ 2 ደግሞ ትሕትናው መሀል መርፌ አለችበት። መልስ 1ን አመሰገነና መዝገበ ቃላት የቃሉን ፍቺ እንጂ አመሉን አይነግርም ብሎ ጀመረ። ይቺ አመል የምትባል ነገር ከዚያ በኋላ በክሩ ሁሉ ስትንከራተት ነው የከረመችው። «ሮዚ» ብቻውን አይሄድም ባይ ነው። አጠገቡ ማን እንደቆመ እዩ። «ኖት ሶ ሮዚ» ይላሉ፤ ያን ያህል አያምርም ለማለት። «ፋር ፍሮም ሮዚ» ይላሉ፣ «ሌስ ዛን ሮዚ» ይላሉ፣ «ኦቨርሊ ሮዚ» ይላሉ። ወይ ይክዱታል፣ ወይ በዛ ይሉታል። ደግሞ «ፔይንት» የሚለው ግሥ ሲጨመር ነገሩ ያበቃለታል። ሥዕል ራሱን አይስልም። ብሩሽ የያዘ ሰው አለ ማለት ነው፣ ሰውየው ደግሞ የሚያምረውን ቀለም መርጧል። ስለዚህ ገምጋሚው ሪፖርቱን እያደነቀ አይደለም፣ እያማው ነው። እኔ ሐሜቱን ወስጄ ምርቃት አደረግኩት። ተገልብጧል ማለት ይሄ ነው።

ወረቀቱን እንደገና አየሁት። ከዚያች ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ያለው «ሆኖም» ብሎ የሚጀምር ነበር። በእኔ ትርጉም ውስጥ ያ «ሆኖም» እንዴት አልጎረበጠኝም? እስካሁን ይገርመኛል።

መልስ 3 ስለ ጽጌረዳ አተካከል የሚወራ መስሎት እንደገባ ነግሮን ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። መልካም ሰው።

መልስ 4 የመነጽሩን ነገር አመጣች። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁሉ ነገር የሚያምርለትን ሰው ሮዝ መነጽር አድርጓል ይለዋል። እንግሊዞቹ በብዛት «ሮዝ ቲንትድ ስፔክታክልስ»፣ አሜሪካኖቹ «ሮዝ ከለርድ ግላስስ» ይላሉ። አባባሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ነው። ፈረንሳዮችም ሕይወትን በሮዝ ማየት ይላሉ፣ ጀርመንና ሩሲያም የራሳቸው ሮዝ መነጽር አላቸው። እሷ ግን እዚህ አላቆመችም። ሞክሩት አለች። የስጦታ መጠቅለያ የሚሆን ቀይ ሴሎፋን ፈልጋችሁ ዓይናችሁ ላይ አድርጉና በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ተመልከቱ፣ ምን እንደምታዩ ያኔ ትነግሩኛላችሁ ብላ ሄደች። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መልስ 5 ለምን ሮዝ? ብሎ ጠየቀ። ተስፋ ለምን አረንጓዴ ወይም ቢጫ አልሆነም? ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም አላሰብኩትም ነበር።

መልስ 6 ነገሩ አበባ ሳይሆን ደም ነው አለ። ጉንጭ የሚቀላው ደም ሲሮጥበት ነው። የድሮ ሐኪሞች፣ ከእነ ሂፖክራተስና ጋሌን ጀምሮ፣ የሰው ሰውነት በአራት ፈሳሽ ይመራል ብለው ያምኑ ነበር። ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት። ደም የበዛበት ሰው ፊቱ ቀላ ያለ፣ ደስተኛ፣ ደፋር፣ ነገ ጥሩ ይሆናል ባይ ነው። ጥቁር ሐሞት የበዛበት ደግሞ ያዝናል፤ «ሜላንኮሊ» የሚለው ቃል በግሪክኛ ጥቁር ሐሞት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ዛሬም ተስፈኛ ሰውን «ሳንግዊን» ይለዋል፣ ከላቲኑ የደም ቃል የመጣ ነው። ያም መጀመሪያ የቀለም ስም ነበር፣ ደም የመሰለ ቀይ። እና ይኸው ሰውየው እንደሚለው «ሮዚ» እና «ሳንግዊን» ከአንድ ጉንጭ የወጡ ናቸው። የአነጋገሩን ለዛ ወደድኩለት። ደግሞ አንድ ልዩነት አለ አለ። «ሳንግዊን» በብዛት የሚባለው ሰውየው ነው፣ «ሮዚ» የሚባለው ሁኔታው ወይም አስተያየቱ ነው። «ሮዚ» የተባለ ሰው ካለ ጉንጩ ነው እንጂ ተስፋው አይደለም።

መልስ 7 ይህን ሲያነብ የድሮ ቁስሉ ተቀሰቀሰ መሰለኝ። ሥራ በጀመረ ሰሞን ለአንድ የውጭ ድርጅት ደብዳቤ ሲጽፍ ስለ ወዳጅነታችን የወደፊት ጉዞ «ሳንግዊን» ነን ማለት ፈልጎ «ሳንግዊናሪ» ብሎ ላከ። «ሳንግዊናሪ» ደም የሚያፋስስ ማለት ነው። የወደፊት ግንኙነታችን ደም አፋሳሽ እንደሚሆን እናምናለን የሚል ደብዳቤ፣ ማኅተም ተመቶበት። መልሱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ በጣም ትሑት መልስ ነበር ይላል። እኔ ይህን ሳነብ የራሴ ስህተት ቀለለኝ።

መልስ 8 አጭር ነው ግን ልቤ ውስጥ ቀርቷል። በአማርኛ ሐሞት ወኔ መሆኑን አስታወሰን። ሐሞተ ቢስ ፈሪ ነው፣ ሐሞቱ ፈሰሰ ማለት ወኔው ከዳው ማለት ነው። ግሪኮቹን ያሳዘናቸው ፈሳሽ እኛን ጀግና አደረገን እንጂ ብሎ ሳቀ። ስለዚህ የሰውነት ክፍልና ቀለም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ቀጥታ አይሻገርም፣ ተርጓሚው ይጠንቀቅ ማለቱ ነው። ገባኝ፣ ድንጋዩ ወደ እኔ ነው።

መልስ 9 ጎህን ይዞ መጣ። የጥንት ግሪክ ግጥሞች ላይ ጎህ ሮዝ ጣት ያላት ሴት ተብላ እንደምትጠራ፣ ቃሉም «ሮዶዳክቲሎስ» እንደሆነ፣ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ «ሮዚ ፊንገርድ ዶውን» ተብሎ የታወቀ መሆኑን በሰፊው ጻፈ። ፀሐይ ሳትወጣ አድማሱ ላይ የሚዘረጉትን የብርሃን ዘንጎች እያስታወሰ፣ እነሱ ናቸው ጣቶቹ አለ። እዚያ ጋ ምንም ሽሙጥ የለም። ጨለማ እያለቀ ነው፣ ቀን እየመጣ ነው፣ ቀለሙም እሱ ነው። ስለዚህ «ሮዚ» ሲወለድ ንጹሕ ተስፋ ነበር፣ ያበላሹት የኋላ ሰዎች ናቸው ብሎ አዘነ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እርስዎ ነበርን። ከመልስ 10 ጀምሮ አንተ ሆንን።

መልስ 10 ለመልስ 9 ነው የጻፈው፣ ጽሑፉም ይለበልባል። ያ እንግሊዝኛ የግሪክኛ ትርጉም እንጂ ሰው አፍ ላይ ያለ ቋንቋ አይደለም፣ ጠያቂው ስለ ዓመታዊ ሪፖርት እየጠየቀ አንተ ጎህ ትቆጥራለህ፣ ዕውቀትህን ለማሳየት ከሆነ የራስህን ክር ክፈት የሚል ዓይነት ነገር ነው። መልስ 11 ላይ ባለ ጎሁ ተመለሰ። ቃል ታሪክ አለው፣ ታሪኩን የማያውቅ ሰው አመሉንም አያውቅም አለው፤ ቀጥሎ ግን አንድ የማይገባ ቃል ጨመረ። ያን አልደግመውም። ስለ አንድ የቀለም ቅጽል እዚህ ድረስ እንሄዳለን ብዬ አልጠበቅኩም።

ደግነቱ መልስ 12 በሰዓቱ ደረሰች። የጤና ባለሙያ ናት። ስለ ቀይ ጉንጭ ሁላችሁም ጤና ጤና አላችሁ፣ እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነው አለች። ጉንጭ በትኩሳትም ይቀላል። በብርድም ይቀላል። ስሙን ከዚሁ ከሮዝ የወሰደ «ሮዜሺያ» የሚባል የቆዳ ሕመምም አለ፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ቅላት እያመጣ ሰውን የሚያስቸግር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ጉንጭ ሲቀላ እንደ ውበት የሚያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ሰውየው እየሞተ ነው፣ እነሱ አማረበት ይላሉ። ከዚያ ደግሞ ጉንጭ ሮዝ ሆነ የሚባለው ቆዳው ነጣ ያለ ሰው ታስቦ ነው አለች። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ያ ቅላት በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ «ሮዚ ቺክስ» የሚለውን ባለ ሮዝ ጉንጭ ብሎ የሚተረጉም ሰው ያስቃታል። አማርኛ የራሱ ቃል አለው። ወዝ። ፊቱ ወዝ አለው፣ ወዙ ተመለሰ። ከሕመም የተነሳ ሰው ሲታይ የሚባለው እሱ ነው።

ወዝ! እንዴት አላሰብኩትም? ይህን መልስ ሁለቴ አነበብኩት። ቀለም አይደለም፣ አበባ አይደለም፣ ግን ሥራው ያው ነው። እኔ ለቃሉ ቃል ስፈልግ ነበር፣ እሷ ለሥራው ቃል አገኘችለት።

ከዚህ በኋላ ክሩ ጠፋ። መልስ 13 ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዞሩ የሚጫወቱት የእንግሊዝኛ ጨዋታ አለ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚወድቁበት፣ እዚያ ውስጥ ያለው «ሮዚ» የወረርሽኝ ምልክት ነው አለ። ሰውነት ላይ የሚወጣው ቀይ ክብ፣ ማስነጠሱ፣ ከዚያ መውደቅ ማለት መሞት። ብዙ ሰው ሰምቶታል፣ እኔም አምኜው ኖሬያለሁ። መልስ 14 ግን ቁጥር ይዞ መጣ። ትልቁ የለንደን ወረርሽኝ የነበረው በ1665 ነው፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ። ዜማው በእንግሊዝኛ ታትሞ የታወቀው በ1881 ነው። ከ200 ዓመት በላይ ማንም ሳይጽፈው በልጆች አፍ ብቻ ኖረ ማለት ነው? ደግሞ የወረርሽኙ ትርጓሜ ራሱ ብቅ ያለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ማስነጠስ የሚባል ነገር የሌለባቸው ቅጂዎችም ሞልተዋል። የሥነ ቃል አጥኚዎች ታሪኩን አይቀበሉትም። መልስ 15 ላይ 13ኛው ተናዶ ተመለሰ። ያስተማሩት መምህር ዋሹ እያልከኝ ነው ወይ ዓይነት ነገር። ማንም ዋሹ አላለም። መምህርም ይሳሳታል፣ ደግሞ ጥሩ ታሪክ ከእውነቱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

መልስ 16 ጠቡን ለማብረድ ይሁን ስለ ስም አወራ። «ሮዚ» የሴት ስምም ነው፣ የሮዝ ማቆላመጫ። ሮዝመሪ ግን ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም፤ የተክሉ ስም በላቲን የባሕር ጤዛ ከሚለው የመጣ ነው። ሮዛመንድ የሚለው ስም ውስጥ ያለው ደግሞ በጥንት ጀርመንኛ ፈረስ ነው። ጽጌረዳ ብላችሁ ያቀፋችኋት ፈረስ ሆና አረፈችው። መልስ 17 እባካችሁ ወደ ጥያቄው እንመለስ አለ። ተመለስን፣ ለጥቂት።

መልስ 18 ከክሩ ሁሉ ረጅሙ ነው፣ ግን አንዱም መስመር አልሰለቸኝም። የሥነ ልቦና ሰዎች «ሮዚ» የሚለውን ቃል ለአንድ የሰው ጠባይ ስም አድርገውታል። «ሮዚ ሬትሮስፔክሽን» ይሉታል፤ ያለፈን ነገር ከሆነው በላይ አሳምሮ ማስታወስ። በ1997 የታተመ አንድ ጥናት ሦስት ነገር ተከታትሏል። ወደ አውሮፓ የተደረገ ጉዞ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ዕረፍትና በካሊፎርኒያ የሦስት ሳምንት የብስክሌት ጉዞ። ሰዎቹን ከጉዞው በፊት ጠየቋቸው፣ በጉዞው ላይ ጠየቋቸው፣ ከጉዞው በኋላ ጠየቋቸው። ከመሄዳቸው በፊት በጣም ደስ ይላል ብለው ይጠብቃሉ። እዚያው ላይ ሆነው ሲጠየቁ ያን ያህል አይደለም። ከተመለሱ በኋላ ደግሞ እንደገና ያምራል። መልሳችሁ አስቡት፤ በሁለቱም ጫፍ ሮዝ ነው፣ መሀሉ ብቻ ነው የራሱ ቀለም ያለው። ጸሐፊው ይህን የሚያውቀው ከራሱ ነው። አንድ ዓመት ከባድ ሥራ ላይ ሆኖ በየቀኑ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። በኋላ ያንን ጊዜ ሲያወራ ወርቃማ ዘመን ይለዋል። አንድ ቀን ማስታወሻውን አውጥቶ ቢያነብ ከገጽ ገጽ እንቅልፍ አጣሁ፣ ወገቤን አመመኝ፣ መቼ ነው የሚያልቀው ነው የሚለው። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሊክደው አልቻለም። ግን አሁንም ወርቃማ ዘመን እንደሚለው አልደበቀንም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ገባኝ። ሳይንሱም ቃሉን የወሰደው ከነአመሉ ነው። «ሮዚ» ያሉት ትዝታው ስላማረ አይደለም፣ ከእውነቱ በላይ ስላማረ ነው።

መልስ 19 የበጀት ሰው ነው፣ ወይም ይመስላል። በ1981 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሬገን አስተዳደር ሥራ ሲጀምር በጀቱ የቆመበት የኢኮኖሚ ትንበያ በጣም የሚያምር ስለነበር «ሮዚ ሲናሪዮ» የሚል ስም ወጣለት፣ ያማረ ግምት እንደማለት። ቀልዱ የመጣው «ሮዚ» የሴት ስም ስለሆነ ነው። «ሮዚ ሲናሪዮ» በዚያ መንግሥት ውስጥ ትልቅ ሥልጣን ያላት ሴት ናት ተባለ። ኢኮኖሚው በዚያው በ1981 ወደ ድቀት ገባ፣ እስከ 1982 መጨረሻ ገደማም አልወጣም። ከዚያ ወዲህ በበጀት ሰዎች ዘንድ «ሮዚ» የተባለ ትንበያ ማለት ማንም የማያምነው ትንበያ ነው። የእኔ ጽሑፍ ደግሞ የሪፖርት ግምገማ ነው፣ ከዚሁ መንደር የመጣ። ስለዚህ ጥርጥር የለውም አለ።

መልስ 20 ወደ ሌሎች ቀለሞች ወጣ፣ መውጣቱ ግን አልከፋኝም። እንግሊዝኛ ሲያዝን ሰማያዊ ነው፣ ሲፈራ ቢጫ፣ ሲቀና አረንጓዴ፣ ልምድ ሲያጣም አረንጓዴ። «ፒንክ» ከ«ሮዚ» ጋር ቅርብ ቢመስልም አመሉ ሌላ ነው። በቀለም ስምነት እንኳ ታናሽ ነው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፣ እሱም ከአበባ ስም። «ኢን ዘ ፒንክ» ማለት ደህና ነኝ፣ ጤናዬ የተሟላ ነው። «ፒንክ ስሊፕ» ደረሰኝ ካለህ ግን ከሥራ ተባረሃል። ከዚያ ወደ ነጭ ሄደና የገደለኝ እሱ ነው። በእንግሊዝኛ «ዋይት ላይ» ማንንም የማይጎዳ ትንሽ ውሸት ነው፣ ሰው እንዳይከፋው የሚባል። በአማርኛ ነጭ ውሸት ዓይን ያወጣው ነው! ቀለሙ ያው፣ ቃሉ ያው፣ ትርጉሙ ተገልብጧል። አርታኢዬ የጻፉትን ቃል ሳያውቅ ተጠቀመው። እኔ ይህንን ስንት ቦታ ነጭ ውሸት ብዬ እንደተረጎምኩ ለማሰብ አልፈለግኩም።

መልስ 21 ላይ መልስ 1 ተመለሰ። አሁንም እርስዎ ነው የሚለው፣ ግን ፊቱ ጠቆር ብሏል። ሁላችሁም ቃሉን ሽሙጥ ብቻ አደረጋችሁት አለ። ጎበዝ ተማሪ ሲመረቅ «ዘ ፊውቸር ሉክስ ሮዚ»፣ መጪው ጊዜ ያማረ ይመስላል፣ ይባላል፣ ቡድኑ ወጣት ተጫዋቾች ሲያገኝ ይባላል፣ ማንም አያሾፍም። ልክ ነው። መልስ 2ም አልተከራከረውም፣ ለብቻው ቁጥር ሳይይዝ እዚያው ሥር ሁለት መስመር ጨመረና ግማሹን አመነለት። ልዩነቱ ማን ስለ ማን እንደሚናገር ነው ብለው ተስማሙ። ሰው ስላየው ሁኔታ በራሱ አፍ «ሮዚ» ካለ ተስፋው የራሱ ነው። ሌላ ሰው ስለጻፈው ወይም ስለተናገረው ነገር «ሮዚ» ካለ ግን አላመንኩትም ማለቱ ነው። በዚህ ክር ውስጥ ሁለት ሰው ሲስማማ ያየሁት ይኸው ነው፣ ባለ ጎሁና መልስ 10 እስከዛሬ አልታረቁም።

መልስ 22 ሥራዬን ሠራልኝ። ሁላችሁም ስለ እንግሊዝኛው አወራችሁ፣ ሰውየው የሚፈልገው አማርኛውን ነው ብሎ ገባ። ሁለት ነገር ሰጠኝ። አንደኛው ለ«ኖት ኦል ሮዚ» ነው፤ አልጋ በአልጋ አይደለም። እንግሊዝኛው «ቤድ ኦፍ ሮዝስ» ብሎ የጽጌረዳ አልጋ ያነጥፋል፣ እኛ አበባውን ትተን አልጋውን ደጋገምነው። የሚገርመው አመሉም አንድ ነው። ሕይወት አልጋ በአልጋ ሆነልኝ የሚል ሰው ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? አይደለም ለማለት ነው የምናነሳው። ልክ እንደ «ሮዚ»። ሁለተኛው ለእኔዋ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ኳኩሎ ማቅረብ። ፊት ላይ የሚቀባውን ቀለም ይዟል፣ የቀባ ሰው እንዳለ ይናገራል፣ ሥሩ ያለው ፊት እንደዚያ እንዳልሆነም ይጠቁማል። «ፔይንት» አለ፣ ቀለም አለ፣ ሐሜት አለ። ሌላ ምን ቀረ?

እኔ በበኩሌ ቀባብቶ የሚለውንም አስቤ ነበር። ግን ቀባብቶ ያስቸኩላል፣ እንደ ነገሩ የተሠራ ያስመስላል። የተኳኳለ ነገር ተደክሞበታል። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ በደንብ ተደክሞበታል፣ ግራፉ ብቻ ስምንት ገጽ ነው።

መልስ 23 ከላይ ያለውን አንድም ሳያነብ ገብቶ «ሮዚ» ማለት ብሩህ ተስፋ ማለት ነው፣ ምን ያከራክራል ብሎ ወጣ። ማንም አልመለሰለትም። ደክሞን ነበር።

መልስ 24 የመልስ 4ዋ ሴት ናት። ሴሎፋኑን ሞከርከው ወይ አለችኝ። አልሞከርኩም ነበር። የልጅ ስጦታ ተጠቅልሎበት የመጣ ቁራጭ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁና አጥፌ ዓይኔ ላይ አደረግኩት፣ የአርታኢዬን ወረቀት ከፊቴ ዘረጋሁ። ነጩ ወረቀት ቀላ። ጥቁሩ ጽሑፍ እንዳለ አለ። ቀዩ እስክሪብቶ ግን የለም። ሁለቱ መስመሮች የሉም። ዳር ላይ ያለችው ቃልም የለችም፣ ዓይኔን አጥብቤ ካላየሁ በቀር። አንድም ስህተት የሌለበት ሥራ ነው። ብሩህ ተስፋዬ መሀል ላይ ተዝናንታ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ትንሽ ጊዜ እንደዚያ ይዤው ቆየሁ፣ ደስ ይላል።

ከዚያ አወለቅኩትና ሪፖርቱ የድርጅቱን መጪ ጊዜ ኳኩሎ ያቀርባል ብዬ አስተካክዬ ላክሁ። ትናንት ተመልሶ መጣ። ያቺን መስመር አልነኳትም። ከሷ በታች ሌላ ሦስት ቦታ አርመዋል፣ ቀዩ ስላለቀባቸው ይመስለኛል በሰማያዊ።